በጧፍ የጠቀለልኩት ሽቦ

ባለፈው ሳምንት የልጄ የትዕግሥት ስልክ አልሞላ አለና ደብረ ብርሃን ውስጥ ወዳለች አንዲት የስልክ መጠገኛ ይዛኝ ሄደች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ናት። ጠጋኙ ስልኩን ፈትቶ የጋለውን መበየጃ ስታኞው ላይ ሲያሳርፈው ቀጭን ጢስ ተነሣ። ስታኞ ማለት ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቁበት፣ ሲሞቅ እንደ ውሃ የሚፈስ ለስላሳ ብረት ነው። ያንን ሽታ ካሸተትኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የመስታወት ሣጥኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። ልጄ የደም ግፊቴ የተነሣ መስሏት ወንበር ለመነችልኝ፤ ጠጋኙም ጢሱ ነው፣ ፊትዎን ወደ ደጅ ያዙሩ እማማ አለኝ። ጢሱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ቤት ከገባን በኋላ ልጄ ምን እንደሆንኩ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ደክሞኝ ነው አልኳት። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መጻፍ የለመደ እጅም የለኝም። ይህን የምጽፈው በአፌ ልነግራት ስላልቻልኩ ነው።

ያኔ የምንኖረው መሐል ሜዳ ነበር። ዓመቱን ብጠየቅ በትክክል አልናገርም፤ ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ የሰሜኑም ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከዘማቾቹ ጋር ሄዶ አልተመለሰም። ዓመቱ ይጥፋኝ እንጂ ሰዉ ምን ይለብስ እንደነበር አልጠፋኝም። ሽማግሌዎቹ ጥቁር በርኖስ፣ ተማሪዎቹ ያለ ካልሲ ላስቲክ ጫማ፣ እኛ ሴቶች ደግሞ ከቀሚሳችን ላይ የወንድ ሹራብ ደርበን ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን እንከናነብ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲታጠፍ ጥጉ ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረ። ባለሱቁ የወደደውን ዘፈን ካሴቱ እስኪላላና የዘፋኙ ድምፅ እስኪጎተት ድረስ ቀኑን ሙሉ ሲያጫውተው ይውላል፤ የሰፈሩ ሕፃናት ዘፈኑን የሚያውቁት እንደዚያው ተጎትቶ ነው። ከሱቁ ቀጥሎ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎች፣ ከሰፊዎቹ ቀጥሎ እኔ ክር የምገዛበት ሱቅ። አንድ ጥቅል የጥልፍ ክር ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼን ሃምሳ ሳንቲም ምን ይገዛል ብላቸው ሳንቲሙን ራሱን አያውቁትም። እኔ የምኖረው በጥልፍ ነበር፤ የቀሚስ ጥለት፣ የትራስ ልብስ፣ ለሙሽሮች ደግሞ የሶፋ ዳንቴል።

የተከራየሁት ክፍል የጋሽ ደምሴ ነበር። ጋሽ ደምሴ የመሐል ሜዳ ተወላጅ ናቸው፤ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት ድሬዳዋ፣ ባቡር ነጂ ሆነው ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሥራ ተሰናበቱና አገራቸው ገቡ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ከኪራዩ ይልቅ ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ መስማት ነበር የሚፈልጉት፤ ልጄን ትዕግሥትን ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ካዩ ሒሳቧን ሳያዩላት አይለቋትም። ከዋናው ቤት ጎን አንዲት ክፍል አላቸው። እዚያ ውስጥ ሰፊ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ከጣት የማይወፍር ሐዲድ፣ ሐዲዱ ላይ ሦስት ትንንሽ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎ የሚጎትቱ የመጫወቻ ባቡር ራሶች። ድሬዳዋ አብሯቸው የሠራ አንድ ፈረንሳዊ ነው አገሩ ከገባ በኋላ በሰው በሰው የላከላቸው። ዳገቱን ከጭቃና ከጭድ ራሳቸው አቡክተው ሠርተውታል፤ ድልድይም አለው፤ ጣቢያም አለው። የጣቢያው ጣሪያ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር።

ጋሽ ደምሴን የሚያሳዝናቸው አንድ ነገር ነበር። ሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቁ ሦስቱም ሎኮሞቲቭ እኩል ይነሣሉ፣ ሲያጠፉ እኩል ይቆማሉ። "እንደ ቀበሌ ስብሰባ" ይሉ ነበር፤ "አንዱ እጁን ሲያወጣ ሁሉም ያወጣል።" እሳቸው የፈለጉት ድሬዳዋ ሳሉ ሺህ ጊዜ ያደረጉትን ማድረግ ነው፦ አንዱ ባቡር ጣቢያ ገብቶ ቆሞ ሲጠብቅ ከዳገቱ የሚወርደው እንዲያልፍ። ይህን ለፈረንሳዊው ጽፈውለት ኖሮ ከብዙ ወር በኋላ አንዲት ትንሽ ሣጥን መጣችላቸው። ውስጧ ቁልፍ ያለው መቆጣጠሪያና ሦስት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ፣ ሽቦ ያንጠለጠሉ ነገሮች ነበሩ። ዲኮደር ይባላሉ። እሳቸው ግን ጆሮ ነው የሚሏቸው፤ ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሲገቡ በሐዲዱ ላይ የሚመጣውን ትእዛዝ እየሰሙ የራሳቸው ቁጥር ሲጠራ ብቻ የሚታዘዙ ስለሆኑ። እነዚያን ሽቦዎች መበየድ ግን በጋሽ ደምሴ እጅ የሚሆን አልነበረም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ስጠልፍ አጠገቤ ቁጭ ብለው ጣቶቼን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና በዚህ መርፌ የሚሠራ እጅ በመበየጃውም ብረት ይሠራል አሉኝ።

ፈራሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ፤ ውሃ ሲፈላ እንኳ ልጄን ከበር ውጭ ነው የማቆማት። እሳቸው ግን ታጋሽ አስተማሪ ነበሩ። ከሣጥኗ ጋር የመጣው ወረቀት የፈረንጅ ቋንቋ ስለሆነ በቃላቸው ይነግሩኛል፤ እኔ ደግሞ እንዳልረሳው በነጭ አቡጀዲ ላይ በክር ጠለፍኩት። ቀይና ጥቁር ክር ወደ ቀኝና ግራ ጎማዎች፤ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ፤ ነጭ ወደ ፊት መብራት፤ ቢጫ ወደ ኋላ መብራት፤ ሰማያዊው መብራቶቹን አንድ ላይ የሚያገናኘው። መሐሉ ላይ ለዲኮደሩ አራት ማዕዘን አደረግኩለት። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ያንን ጨርቅ ከተሰጣበት አይታ አዲስ ጥለት መሰላትና ለትንሣኤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ እንድሠራላት ያዘችኝ። ሠራሁላት። እትዬ ዘነቡ ያን ትንሣኤ የባቡር ሽቦ በቀሚሷ ዙሪያ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትስም ጋሽ ደምሴ ከወንዶቹ በኩል አይተው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ለእትዬ ዘነቡ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም፤ ነውሬ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከከተማው በታች የቀጥቃጮች ቤት ነበር። ማረሻችንንና ማጭዳችንን እነሱ ይሠሩልናል፤ እኛ ግን ከቤታቸው እህል አንቀምስም፤ ልጆቻችን ሲታመሙም የእነሱን ዓይን እንከሳለን። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እንደ አየር ነበር፤ ሁሉም ይተነፍሰዋል። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እኔን አስካለን ብረት ታቀልጣለች ካሉኝ ነገ ስሙ ልጄ ላይ ይለጠፋል፤ ማን ያገባታል፣ ማን ከእሷ ጋር ይበላል እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ጋሽ ደምሴን ለመንኳቸው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ በሉልኝ አልኳቸው። ውሸት እንደማይወዱ አውቃለሁ። አንቺን የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ይሁን አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በሩን ዘግተን ነበር የምንሠራው። ለጠየቀ ሰው አስካለ መጋረጃ እየሰፋችልኝ ነው ይሉ ነበር።

የሥራው ትልቁ ሕግ አንድ ነበር። ሞተሩ የሎኮሞቲቩን የብረት ገላ መንካት የለበትም። በፊት ይነካ ነበር፤ ችግርም አልነበረውም። ዲኮደር ከገባ በኋላ ግን ሞተሩ ገላውን ከነካ ዲኮደሩ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከሞተሩ የሚወጣው ሽቦ ሁሉ ናስትሮ፣ ያ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ጥቁር ፕላስተር፣ ይጠቀለልበታል። ከዚያ በአንዲት ትንሽ አምፖልና ባትሪ ይፈተሻል፤ አምፖሏ ከበራች ተነካክቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ሳምንት ሙሉ ፈጀሁ፤ ሁለተኛውን በሦስት ቀን ጨረስኩ። ዲኮደሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም ቁጥር ሦስት ናቸው፤ ስለዚህ አንዱን ብቻውን ሐዲድ ላይ አቁሞ የራሱን ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል። ጋሽ ደምሴ ዛሬ ክርስትና እናነሣለን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይቆማሉ። ቁጥሩን ሰጥተው ሲጠሩት ሎኮሞቲቩ ተነሥቶ ሲሄድ፣ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ሲቀር፣ እኔ ያልተማርኩት ሴት በጣቴ ምን እንደሠራሁ አይቼ ደረቴ ይሞላ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም። በር ተዘግቶ መኩራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለገና ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ሰው ጠሩ። መምህራን፣ ጎረቤት፣ እትዬ ዘነቡ፣ እህታቸው እማሆይ ሳይቀሩ። እንደ ሥራ ዘመናቸው ሁለት ባቡር ጣቢያ ላይ ሊያሳልፉ ነው፤ ዳገቱን የሚወጣው ደግሞ ሦስተኛው፣ ከሁሉም ትልቁ፣ ጥቁሩ ነው። እኔ ጥቁሩን ስሠራ ናስትሮው አለቀ። ሳይጠቀለል የቀረው አንድ ቁራጭ ሽቦ ብቻ ነበር። መሐል ሜዳ ገበያ ዞርኩ፤ የለም። ጋሽ ደምሴ ከደብረ ብርሃን በሚመጣው አውቶቡስ አስመጣለሁ፣ ባይደርስም በሁለቱ እናሳያለን፣ አትቸኩዪ አሉኝ። እኔ ግን በሁለቱ ማሳየት አልዋጠልኝም። ቤቴ ለማርያም የገዛሁት ጧፍ ነበር። ጧፍ ጥጥ ፈትል በሰም የተነከረ ነው፤ ሰም ውሃ አያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክስ ከየት ያሳልፋል አልኩ። ጧፉን በእጄ አሙቄ አለሰለስኩትና ልክ እንደ ጥለት ጠርዝ አድርጌ ሽቦው ላይ ጠመጠምኩት። በአምፖሏ ፈተሽኩት፤ አልበራችም። ሁለቴ፣ ሦስቴ ፈተሽኩ፤ አልበራችም። ጥንቁቅ ነኝ ብዬ አምናለሁና ልቤ አረፈ። ለጋሽ ደምሴ ቁራጭ ናስትሮ አግኝቼ ጨረስኩት አልኳቸው። ደስ አላቸው። በገና ዕለት ጠዋት ላይም ክዳኑን እኔ ልግጠመው፣ አንዱን እንኳ በእጄ ልንካ አሉ። እየተንቀጠቀጡ፣ እየሳቁ፣ አራቱን ብሎን ለማሰር ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

ሰዉ ክፍሏን ሞልቶ እስከ ደጅ ቆመ። አንደኛው ወጣ፣ ጣቢያ ገብቶ ቆመ። ሁለተኛው አለፈው። ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ መምህር በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን መሥራት ተአምር ነው ሲል ጋሽ ደምሴ በሰዉ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ ጥቁሩን ጠሩት። አራት ፉርጎ ጎትቶ ዳገቱን ጀመረ። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣ። በሦስተኛው ላይ አቅሙ ሲፈተን ሞተሩ ጋለ፤ እኔ በአምፖል ስፈትሸው ቀዝቃዛ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። እትዬ ዘነቡ አየሩን አሸተተችና "ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ጋሽ ደምሴ፣ ባቡሩን ቅዳሴ አስገቡት እንዴ?" አለች። ሰዉ ሳቀ። እማሆይ መልካም ምልክት ነው ብለው አማተቡ። ክፍሏ ውስጥ ያ ሽታ ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ከክዳኑ ሥር ሰማያዊ ጢስ ወጣ፤ ሎኮሞቲቩ አንዴ ተንሸራቶ ቆመ።

ጋሽ ደምሴ ሄደው ጥቁሩን አነሡት፤ አቃጠላቸው መሰለኝ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ስገጥም ሽቦውን ጨፍልቄዋለሁ" አሉ። ከኋላ አንድ ሰው ድሮም ከድሬዳዋ ያሰናበተዎት ይኸው እጅ ነው ብሎ ቀለደ። ክፋት አልነበረውም፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ያንን ለማለት ግን ሽቦውን የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት አለብኝ፤ እትዬ ዘነቡም አለች፣ ልጄም ከፊት ቁጭ ብላለች። ዝም አልኩ።

ዝም ብቻ ብል ኖሮ ምናልባት ራሴን እምር ነበር። ሰዉ ከሄደ በኋላ ጋሽ ደምሴ ጥቁሩን ሰጡኝና ከፍተሽ እዪልኝ አሉኝ። ክፍሌ ገብቼ ፈታሁት። ሰሙ ቀልጦ በማርሾቹ ጥርሶች መሐል ወርዶ ረግቷል፤ ፈትሉ ተራቁቶ ጠቁሯል፤ ሽቦው ገላውን ነክቷል። የሳቸው ብሎን አንዳች ነገር አልነካም። በነጭ ጋዝ የነከርኩት ጨርቅ ይዤ ሰሙን በሙሉ ጠረግኩ፤ ፈትሉን ነቅዬ እሳት ውስጥ ጣልኩ። እንደ ጠረግኩት ወስጄ ጣውላው ላይ አስቀመጥኩት። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር።

"ተጨፍልቆ ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ተጨፍልቆ ነው።"

እኔም ብዬ ነበር አሉና እጃቸውን አገላብጠው አይተው በበርኖሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ ያቺን የባቡሮቹን ክፍል ቆለፏት። ሌላ ዲኮደር እንዲልክላቸው ለፈረንሳዊው ይጻፉለት ብላቸው፣ ሌላ ዕቃ ላበላሽበት አልፈልግም አሉኝ። ጺማቸውን ራሳቸው ይላጩ የነበሩት ሰው ሌላ ሰው መጥራት ጀመሩ። ትንሣኤ ሲሆን በጉን ዘወትር እሳቸው ነበሩ የሚባርኩት፤ ያን ዓመት የጎረቤቱን ልጅ አንተ ባርክልኝ፣ የእኔ እጅ አይታመንም አሉት። እኔ ቢላውን አቀበልኩት። የትዕግሥትን ሒሳብ ማየታቸውን ግን አልተዉም፤ እርሳሱን እሷ ትይዛለች፣ እሳቸው በቃል ይነግሯታል። ስንት ቀን ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ሻይ ይፈላልዎት እንደሆነ ጠይቄ ተመልሻለሁ። ከክፍሉ ያስወጡኛል ብዬ አልፈራሁም፤ እንደማያስወጡኝ አውቃለሁ። የፈራሁት ዓይናቸውን ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝና ዋናው ግን ለሰውየው መንገር ነው አሉኝ። ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ። መስገዱ ከመናገሩ ቀለለኝ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ጋሽ ደምሴ ሳንባቸው ታመመና ከአልጋ ዋሉ። ሐኪም ቤት ወስደናቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ጠዋት ልባቸው ሳይነግራቸው አልቀረም፣ ቄስ አስጠሩ፤ ከቆረቡም በኋላ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቁ። አንዱን በድንበር፣ አንዱን በቁጣ፣ እህታቸውን እማሆይን ሚስት ካገቡበት ቀን ጀምሮ በያዙባቸው ቂም። ተራው የእኔ ሲሆን ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር የገባሁት። እምላለሁ፣ ቆርጬ ነበር። አልጋቸው ጫፍ ተንበረከኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሳቸው እጄን ያዙ። ድምፃቸው አልቆ ነበርና እማሆይ ጎንበስ ብለው እንኳ ይቅር በይኝ ከሚለው በቀር አልሰሙም።

"አስካለ፣ ያን ሁሉ የደከምሽበትን ሥራ አበላሽቼብሻለሁ። አንቺን ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ኖርኩ፤ ሁሌ ይከነክነኛል። ይቅር በይኝ።"

ሰዉ ሁሉ እኔን እያየ ነው። ቄሱ ይጠብቃሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም፤ መልሴን ውሃ እንደጠማው ሰው ነበር የሚጠብቁት። እውነቱን ብናገር በዚያች ሰዓት ሰላማቸውን እንዳላሳጣቸው፣ ዝም ብል ደግሞ ሳይፈቱ እንዳይሄዱ ብዬ ይሆን፣ ወይስ ያው የድሮው ፍርሃቴ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ፍርሃቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኳቸው።

ተነፈሱ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ሆነ። በማግስቱ አረፉ። እማሆይ የሥራውን ነገር አላወቁም፤ አንዳች ከባድ በደል ወንድማቸው በድሎኝ እኔ በቀላሉ የማርኩት መስሏቸው ያን የይቅርታ ዕለት ከክፍሉ ስወጣ ተከትለውኝ መጡ። በረንዳው ላይ ትከሻዬን ስመው፣ እንዳንቺ ያለ ልብ ለሁሉም ይስጥ፣ ልጅሽን ይባርክልሽ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።